ሳይመረመር የሚተኮሰው ሌዘር ማንን ያከስራል?

በሌጦ ንግድ የቆየ ሰው የበግ ሌጦ ሲቀርብለት ከሒሳቡ በፊት ወደ ብርሃን ያዞረዋል። በጣቱ ይዳስሰዋል፣ በጥፍሩ ይፍቀዋል፣ ገልብጦም ያየዋል። ይህን ሁሉ አድርጎም አንዳንዴ ይሸወዳል። በቅማልና በመሰል ተባዮች የሚመጣው፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ "እከክ" እየተባለ የሚጠራው የነጠብጣብ ጉዳት ፀጉሩ እስኪነሳ ድረስ ተደብቆ ይቆያልና። ሌጦው ፋብሪካ ገብቶ፣ ፀጉሩ ተነስቶ፣ በኬሚካል ተነክሮ ሲወጣ ነው ጉዱ የሚታየው። ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ተከፍሏል፤ የሌጦው ደረጃ ወርዷል፤ ኪሳራውም የገዢው ሆኗል።

ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ጉዳዩ የራሱ የፊት ቆዳ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ግንባሩ ወይም የእጁ ጀርባ ላይ የወጣውን ቡናማ ነጠብጣብ ለማስጠፋት ወደ አንዱ የውበት ማዕከል ጎራ ሲል የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ነው?"፣ ሁለተኛው ደግሞ "በስንት ጊዜ ይጠፋል?" የሚል ነው። "ለመሆኑ ይህ ነገር ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ሻጩም ያልተጠየቀውን አይመልስም። ማሽኑ ተዘጋጅቷል፣ የዓይን መከለያው ቀርቧል፣ ተኩሱ ይጀመራል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሌዘር ገበያ ውስጥ ትልቁ ዕቃ ሌዘሩ ሳይሆን ከሌዘሩ በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው። ምርመራው ግን ብዙውን ጊዜ ዋጋ አልወጣለትም። ወይ "በነፃ" ተብሎ ለማግባቢያ ይሰጣል፣ ወይ ከነጭራሹ ይዘለላል። ዋጋ ያልወጣለት ዕቃ ገበያ ላይ እንዴት እንደሚያዝ ደግሞ ለነጋዴ አይነገርም።

በአዲስ አበባ፣ በተለይም በቦሌና በአካባቢው፣ የቆዳና የውበት ሕክምና ሰሌዳዎች ዓይን ከሚይዙት መካከል ናቸው። ባለሀብቱ ወደዚህ መስክ መግባቱ አያስወቅሰውም። ከተማው ሰፍቷል፤ ፊቱን በየሰዓቱ በስልክ ካሜራ የሚመለከት ትውልድም መጥቷል። ፍላጎት ባለበት አቅራቢ ይኖራል። ነገሩ የሚከርረው ከማሽኑ ዋጋ ሲነሱ ነው። ደህና የሚባል የሕክምና ሌዘር በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይገዛል፤ መቶ ሺህ የሚሻገርም አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መግባቱ ይታወሳል። ማሽኑን በባንክ ብድር ያስገባ ሰው እንግዲህ ወለዱ በየወሩ ይቆጥርበታል። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ገንዘቡም ይቆማል፤ ማሽኑ ገንዘብ የሚያመጣው ደግሞ ሲተኩስ ብቻ ነው። "ይህ ነጠብጣብ በሌዘር የሚነካ አይደለምና ወደ ቤትህ ሂድ" ብሎ ደንበኛ የሚመልስ ሐኪም ለሕመምተኛው ባለውለታ ቢሆንም ለብድሩ ግን ጠላት ነው።

ሌዘሩ በራሱ ወንጀል የለበትም። ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን የሩቢ ሌዘር ካሊፎርኒያ ውስጥ ካበራ በኋላ፣ ሊዮን ጎልድማን የተባለ የሲንሲናቲ የቆዳ ሐኪም ብዙም ሳይቆይ መሣሪያውን በቆዳ ላይ ይሞክር ጀመር። ዛሬ የሚሠራበትን መርሕ ያስቀመጡት ደግሞ ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ እ.ኤ.አ. በ1983 ነበር። አሠራሩ ሲቀልል እንዲህ ነው፦ ተስማሚው የብርሃን ሞገድ እጅግ አጭር በሆነ ቅጽበት ሲለቀቅ ጥቁሩን ቀለም ማለትም ሜላኒኑን ፈልጎ ያግለዋል፣ ይሰባብረዋል፤ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ግን ብዙም አይነካውም። ለነጭ ቆዳ ይህ ግሩም ነገር ነው። ሜዳው ነጭ፣ ዒላማው ጥቁር ነውና።

የሐበሻ ቆዳ ላይ ግን ሜዳውም ቀለም አለው። ጨረሩ የትኛው ሜላኒን የነጠብጣቡ፣ የትኛው የባለቤቱ የተፈጥሮ መልክ እንደሆነ አይለይም፤ ሁለቱንም ይመታል። ትርፉ ቃጠሎ፣ ከቀድሞው የባሰ ጥቁረት፣ ወይም ለምጽ የመሰለ ነጭ ምልክት ሊሆን ይችላል። ለጠቆረ ቆዳ 1064 ናኖሜትር የሚለቀው ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር ከአጫጭሮቹ ሞገዶች ይልቅ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ ረጅሙ ሞገድ በላይኛው የቆዳ ቀለም ብዙም ሳይያዝ ያልፋል። በነገራችን ላይ "ሌዘር" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሌዘር አይደለም። አይፒኤል የሚባለው መሣሪያ ብዙ ሞገዶችን በአንድነት የሚለቅ ብልጭታ ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የአንዱ ዕቃ ስም በሌላው ላይ ተለጥፎ ሲሸጥ በቅቤና በማር ገበያ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው።

ነጠብጣቡስ ምንድን ነው? ፀሐይ የነካችው ሁሉ አንድ ስም የለውም። ሐኪሞች ሶላር ሌንቲጎ የሚሉት፣ በተለምዶ የዕድሜ ነጠብጣብ የሚባለው፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማና ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመ ፀሐይ በፊት፣ በእጅ ጀርባና በክንድ ላይ ያወጣዋል፤ ቀላ ባለ ቆዳ ላይ ይበዛል። ጉዳት የለውም፤ ለሌዘር የሚመቸውም እርሱ ነው። በሐበሻ ፊት ላይ ይበልጥ የሚታየው ግን ማድያት ነው። ጉንጭንና ግንባርን ግራና ቀኝ አመጣጥኖ የሚይዘው፣ በእርግዝና ወይም በወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የሚነሳው ማድያት ፀሐይ ያባብሰዋል እንጂ የፀሐይ ነጠብጣብ አይደለም። በሌዘር ሲተኮስ ለጥቂት ጊዜ ደብዝዞ የመመለስ፣ አንዳንዴም ብሶ የመመለስ ጠባይ አለው። ብጉር ወይም ቁስል ድኖ የሚተወው ጥቁረትም ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ እርሱን በጨረር ማሞቅ ደግሞ ቁስሉን እንደ መድገም ነው።

የማቅያ ቅባቱ ነገር ለብቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል። ሃይድሮኪኖን ያለበት ቅባት ለዓመታት ሲቀባ፣ ሊያነጣ የታሰበውን ቆዳ ሰማያዊ ጥቁር የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ስቴሮይድ ያለበት ደግሞ ቆዳውን ያሳሳል። ደንበኛዋ ይህን ቅባት ስትቀባ ኖራ፣ ያመጣባትን ጥቁረት "የፀሐይ ነው" ብላ ወንበሩ ላይ ብትቀመጥና ማንም ሳይጠይቃት ቢተኮስባት፣ ገንዘቧን የከፈለችው በሽታዋን ለማክረር ነው። ጥያቄው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ "ፊትሽን ምን ትቀቢዋለሽ?"

ስለ ፀሐዩም አንድ ነገር ማለት ይገባል። የአዲስ አበባ አየር ያታልላል። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጧል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ጨረሩ ግን አይቀዘቅዝም። መርካቶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ፣ ከሰሊጥ ማሳ ማሳ የሚዞር ገዢ፣ በጎን መስኮት በኩል ፀሐይ ሲመታው የሚውል ሾፌር ሳይሞቃቸው ይጠበሳሉ። ነጠብጣቡን አስጠፍቶ ያለ ባርኔጣ ወደዚያው ፀሐይ የሚመለስ ሰው በየዓመቱ ለተኩስ ይከፍላል። ይህ ለማዕከሉ መልካም ደንበኛ ነው።

እስካሁን የተባለው የገንዘብና የመልክ ጉዳይ ነው። ከዚህ የሚብስ አለ። ሌንቲጎ ማሊግና የሚባል ነጠብጣብ ፀሐይ የጎዳው የፊት ቆዳ ላይ፣ በአብዛኛው በዕድሜ ገፋ ባሉ ሰዎች ላይ ይወጣል። ጠፍጣፋ ነው፤ ቡናማ ነው፤ አያምም፤ ለዓመታት በዝግታ ይሰፋል። ከተራው የዕድሜ ነጠብጣብ በዓይን ብቻ ለመለየት የለመደ ሐኪምም ይቸገራል። ነገር ግን እርሱ ገና ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ያልወረደ ሜላኖማ፣ ማለትም የቆዳ ካንሰር ነው። በጊዜ ከተያዘ ተቆርጦ ይወጣል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ካልተያዘ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።

አሁን ይህ ነጠብጣብ ሳይመረመር ሌዘር ተተኮሰበት እንበል። ሌዘሩ የሚያየው ቀለምን ነው፤ ካንሰርን አያይም። ቀለሙ ይሰባበራል፣ ነጠብጣቡ ይደበዝዛል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ቀለም የሌላቸውና በፀጉር ሥር ጉድጓዶች ውስጥ የተደበቁት ሕዋሳት ግን ባሉበት ይቀራሉ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ምልክቱ ሲመለስ ቅርጹም ቀለሙም ተቀይሯል፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ባለሙያም የጠባሳና የካንሰር ድብልቅ ይጠብቀዋል። በንግድ ቋንቋ ኦዲተሩ ከመድረሱ በፊት መዝገቡ ተቃጥሏል ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ የሚጎድለው ሒሳብ አለመሆኑ ነው። የሜላኖማ ዕጣ የሚለካው በሚሊሜትር ነው፤ አሌክሳንደር ብሬስሎው የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 የውፍረቱን መለኪያ ካሳወቀ ወዲህ ዓለም የሚሠራው በዚሁ ነው። በአሜሪካ አኃዝ መሠረት በቦታው ላይ እያለ ከተገኘባቸው ሕመምተኞች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ይሻገራሉ፤ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘባቸው ግን ከ40 በመቶ በታች ናቸው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው አንዳንዴ አንድ ያልተደረገ ምርመራ ነው።

"ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው" የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ሜላኖማ ብርቅ ነው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው የእግር መዳፍ፣ የእጅ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ያረፈው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ተነስቶ በተሰራጨ ሜላኖማ ነበር። ብርቅ መሆኑ ግን ዘግይቶ እንዲገኝ ምክንያት ይሆናል፤ የሚጠብቀው የለምና። ስለዚህ ለፊቱ ነጠብጣብ የመጣውን ሰው ጫማውን የሚያስወልቅ ሐኪም ቢኖር ሊሳቅበት ሳይሆን ሊከፈለው ይገባል። ከዚህ ሌላ ከተፈጥሮ ሜላኒን የሌላቸው፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ኢትዮጵያውያን አሉ። በእነርሱ ቆዳ ላይ ፀሐይ የምታወጣው ሻካራ ምልክት ገና በወጣትነት ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ይህ ምልክት ከዓይን ይልቅ በጣት ይታወቃል፤ ሲዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። እንዲህ ያለውን ሻካራ ቦታ "ነጠብጣብ ነው" ብሎ የውበት ሌዘር መተኮስ ድፍረት ነው።

ምርመራው ራሱ ምን ይመስላል? ውድ አይደለም፤ ረጅምም አይደለም። ሐኪሙ መጀመሪያ ይጠይቃል፦ መቼ ወጣ? ሰፍቷል ወይ? ያሳክካል፣ ይደማል ወይ? ከቤተሰብ የቆዳ ካንሰር የነበረበት አለ? ምን መድኃኒት ይወሰዳል? ከዚህ ቀደም የት ተተኮሰ? ከዚያ ፊቱ ከቅባትና ከኩል ታጥቦ በደህና ብርሃን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1985 ኒውዮርክ ላይ ያሉ ሐኪሞች ያስተማሩትና በኋላ የተጨመረበት መመዘኛ ለተራ ሰውም አይከብድም፦ ነጠብጣቡ ግማሹ ከግማሹ አይመሳሰልም ወይ? ጠርዙ የተበጣጠሰ ነው ወይ? ቀለሙ ከአንድ በላይ ነው ወይ? ከ6 ሚሊሜትር ይበልጣል ወይ? እየተለወጠ ነው ወይ? የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደርማቶስኮፕ ነው። ይህች ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ብርሃን ያላት፣ ቆዳን በአብዛኛው 10 ጊዜ የምታጎላ ሌንስ ናት። በእርሷ ሲያዩት ተራው የዕድሜ ነጠብጣብ ጠርዙ ብል የበላው ጨርቅ ይመስላል፤ ውስጡም የጣት አሻራ የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። አደገኛው ግን ግራጫ ነጥቦችን ያሳያል፤ በፀጉር ቀዳዳዎች ዙሪያ ያለው ቀለምም እኩል አይደለም። ግራጫ ቀለም ያየ ሐኪም ሌዘሩን አጥፍቶ ስለ ናሙና ማውራት ይጀምራል። ዉድ ላምፕ የሚባለው ጥቁር መብራትም ቀለሙ ላይ ይቅር ወይም ወደ ታች ይውረድ ለመገመት ይረዳል፤ በጣም በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ብዙም አያሳይም። ጥርጣሬ ከቀረ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል፤ መልሱ እስኪመጣ ተኩስ የለም። ጥርጣሬ ከሌለም ነጠብጣቡ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ይመዘገባል፤ ከዚያም በማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ተኩስ ተሞክሮ ለሳምንታት ይጠበቃል። ጥቁረቱ ከመጣ የሚመጣው በእነዚያ ሳምንታት ነው። "ሳይቃጠል በቅጠል" የተባለው ለዚህ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ ለምን አይደረግም? መልሱ ከሕክምናው ሳይሆን ከሒሳቡ ዘንድ ነው። ማዕከሉ ገቢ የሚያገኘው ከተኩስ ከሆነ፣ ሐኪሙ ወይም ነርሷ በተኩስ ቁጥር የሚከፈላቸው ከሆነ፣ ደንበኛ ያመጣው ደላላ ኮሚሽኑን የሚቀበለው ከተኩሱ ከሆነ፣ "አይተኮስ" የሚል ሰው በዚያ ቤት ውስጥ የለም። ቡና ቀማሹ ደመወዙን ከሻጩ ኮሚሽን የሚያገኝ ቢሆን ኖሮ በዚህች አገር አንድም ሦስተኛ ደረጃ ቡና ባልተገኘ ነበር። ቀማሽን ቀማሽ የሚያደርገው ምላሱ ብቻ አይደለም፤ ጆንያው ተሸጠም አልተሸጠ ደመወዙ ያው መሆኑ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር ምን እንዳስከተለ ፍርድ ቤቶች ይመሰክራሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2012 በቆዳ ሌዘር ጉዳት የቀረቡ 175 ክሶችን ያጠኑ ሐኪሞች፣ በ75ቱ መሣሪያውን ይዞ የነበረው ሐኪም ያልሆነ ሰው መሆኑን አሳትመዋል። የዚህ ዓይነቱ ክስ ድርሻ በ2008 ከጠቅላላው 36 በመቶ ገደማ የነበረው በ2011 ወደ 78 በመቶ ገደማ ወጥቷል። ክሶቹ የነጠብጣብ ብቻ አይደሉም፤ የፀጉር ማስወገዱም ጭምር ነው። ለባለሀብት ያለው ትርጉም ግን ያው ነው። ማሽኑን የያዘው ሠራተኛ ቢሆንም የተከሰሰበትን ዕዳ የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ድርጅቱና ባለቤቱ ነው። ፎቶግራፍ ያልተነሳ፣ ያልተመዘገበ፣ ያልተፈረመበት ምርመራ ደግሞ ፍርድ ቤት ፊት እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ባለማዕከሎቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያ አላቸው፤ ሁሉም ከንቱ አይደለም። የቆዳ ሐኪም ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ጥቂት ነው ይላሉ። ልክ ነው። ነገር ግን ጥቂት ያለውን ሰው ማሽን እንዲያስተኩስ ማሰለፍ ነው ብክነቱ። ተኩሱን የሠለጠነ ነርስ በሐኪም ትዕዛዝ ሊሠራው ይችላል፤ ውሳኔውን ግን አይችልም። ሐኪሙን ውሳኔው ላይ ማስቀመጥ ነው አዋጪው። በደርማቶስኮፕ የተነሳ ፎቶግራፍ በስልክ ተልኮ ሌላ ቦታ ያለ ባለሙያ ሊያየው በሚችልበት ዘመን፣ "ሐኪም አጣን" ማለት እንደ ድሮው አያሳምንም። ሁለተኛው መከራከሪያ ደንበኛው ነው፦ "ምንም ሳይደረግልኝ ለምን እከፍላለሁ?" ይላል። ይህንኑ ደንበኛ ቤት ሲገዛ የካርታውን ትክክለኛነት ለሚያጣራለት ሰው ከፍሎ "ካርታው ችግር አለበት፣ አትግዛ" ሲባል አመስግኖ ነው የሚሄደው። ከፊቱ ቤቱ የሚበልጥበት ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ምርመራው ዋጋ ይውጣለት። "ነፃ ምርመራ" የሚለው ጽሑፍ ከሰሌዳው ይነሳና በቦታው የምርመራው ዋጋ ይጻፍ፤ ደረሰኝም ለብቻው ይቆረጥ። ሐኪሙ በተኩስ ሳይሆን በወር ወይም በመረመረው ሰው ቁጥር ይከፈለው። የምርመራው ክፍያ በኋላ ከሌዘሩ ሒሳብ ላይ ይቀነስ የሚሉ አሉ፤ ይህ መልካም ቢመስልም ወጥመድ አለበት፤ ደንበኛው የከፈለውን ለማስመለስ ሲል ራሱ "ተኩሱብኝ" ይላል። ባይቀነስ ይሻላል። ደላላም ኮሚሽን የሚገባው ከሆነ ከተኩሱ ሳይሆን ከምርመራው ይታሰብለት፤ ያን ጊዜ ሰው ማምጣቱ ላይ ይበረታል፣ ውጤቱ ላይ ግን እጁን አያስገባም። አዲስ ማሽን የሚያስገባ ሰው ደግሞ ፕሮፎርማውን ሲጠይቅ ደርማቶስኮፑንና ካሜራውን እዚያው ያካትት። ደህና ደርማቶስኮፕ ከጥቂት መቶዎች እስከ አንድ ሺህ ዶላርና ከዚያ ትንሽ በላይ ነው፤ ከሌዘሩ ዋጋ አጠገብ ሲቀመጥ የመኪና ማጠቢያ ያህል ነው።

ጎረቤቱ ሳይመረምር በዚያው ቀን እየተኮሰ ገበያውን ቢወስድስ? መጀመሪያ ላይ ይወስዳል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደተባለው፣ የሚሮጠውም ደንበኛ ብዙ ነው። ነገር ግን ተኩሱ ያጠቆረው ፊት የሚደበቅ ዕቃ አይደለም፤ ባለቤቱ በሰርግም በለቅሶም ተሸክሞት ይዞራል፤ "የት ነው የሠራኸው?" ተብሎም ይጠየቃል። ያን ጥቁረት ማስታገስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። የሚደረገውም በሌላ ሌዘር ሳይሆን በትዕግሥትና በፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። መርምሮ የመለሰው ማዕከል ግን የመለሰው ደንበኛ እህቱን ይዞለት ይመጣል።

ለዕቃ ወደ ዱባይ የሚመላለሰው ነጋዴ ጉዳይ ለብቻው ይታይ። እዚያ ማሽኑም ሐኪሙም ደህና ሊሆን ይችላል፤ የሚጎድለው ጊዜ ነው። ዕቃውን ጭኖ በቀረችው አንድ ከሰዓት "ይህችንም ላስጠፋ" ብሎ የገባ ሰው፣ የሙከራ ተኩሱ ምን እንዳመጣ የሚታይባቸውን ሳምንታት አይቆይም፤ በማግስቱ በረራ አለው፤ በሦስተኛው ቀን መርካቶ ፀሐይ ላይ ኮንቴይነር ያስራግፋል። ገና ያልዳነ ቆዳ ከዚህ የከፋ ጠላት የለውም። ነገር ግን ይኸው ነጋዴ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ መሄዱ አይቀርም። በአንዱ ጉዞ ይመርመር፣ ሙከራውንም ያሠራ፤ ፎቶግራፉንና የምርመራውን ወረቀት ይዞ ይመለስ፤ እዚህ ላለ የቆዳ ሐኪምም ያሳይ። ተኩሱ ለሚቀጥለው ጭነት ይደርሳል፤ እስከዚያው ባርኔጣ ከዚያው ገበያ ይግዛ።